ከገበያ በፊት ለቤት፦ ስለ አረጋውያን አባላት አመጋገብ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር)





በዚህ በዓል ስለ ኩንታል፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ትርፍ ክፍፍል ብዙ ተነግሯል፤ መነገሩም ተገቢ ነው። የዚህ ንግግር ጉዳይ ግን ያንን ኩንታል በትከሻቸው ተሸክመው ማኅበራቱን ያቆሙት ሰዎች ዛሬ ምን ይበላሉ የሚለው ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 በወጣበት በ1991 ዓ.ም. የአርባ አምስት ዓመት ጎልማሳ የነበረ አባል ዛሬ ሰባውን አልፏል። አዋጁ በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 985 ተተክቷል፤ አባሉን ግን የሚተካው የለም።

ነገሩ የሚጀምረው ከገበያ ቀን ነው። በአንድ አርሶ አደር ቤት ሳምንቱን ሙሉ የተጠራቀመው እንቁላል ጭድ ተጎዝጉዞለት በቅርጫት ወደ ገበያ ይወጣል። ወተቱ በማለዳ ወደ ማሰባሰቢያው ይሄዳል። ሽምብራውና ምስሩ ተበጥሮ፣ ተመዝኖ መጋዘን ይገባል። ቅቤው፣ ማሩና ዶሮው ተሽጦ ጨው፣ ስኳር፣ ዘይትና መኮሮኒ ተገዝቶ ይመጣል። በምድጃው ዳር ለተቀመጡት አያት ምሳ የሚቀርብላቸው እንጀራ በቀጭን ሽሮ ነው፤ እራታቸው ደግሞ ሻይ በዳቦ። ቤቱ ድሃ ሆኖ አይደለም፤ የተሸጠው ሁሉ የወጣው ከዚያው ቤት ነው። መሸጥ ጥፋት ነው ለማለትም አይደለም፤ የልጆች ትምህርት፣ ግብርና የማዳበሪያ ዕዳ የሚከፈለው በዚሁ ገንዘብ ነው። ጥያቄው ከሚሸጠው ውስጥ ለቤቱ ምን ያህሉ ይቀራል፣ ከቀረውስ ላይ ለአረጋውያኑ ምን ይደርሳቸዋል የሚል ነው።

በአገሪቱ ስለ ሥርዓተ ምግብ ሲነሣ አስቀድመው የሚታሰቡት ሕፃናትና እናቶች ናቸው። በ2007 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር ለማስቀረት የተነሣ ነው፤ ይህም የሚገባ ነው። ሕፃን ክንዱ ይለካል፣ ይመዘናል፣ በካርድ ይመዘገባል። የአያቱን ክንድ የሚለካ ግን የለም። አረጋዊ ሰው ሲከሳ ጎረቤቱ «ዕድሜ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ብዙ ጊዜ ግን መክሳቱን ያመጣው ዕድሜው ብቻ ሳይሆን ገበታው ነው።

«ያረጀ ሰው ትንሽ ይበቃዋል» የሚለው አነጋገር ግማሹ እውነት ነው። እርሻ ያቆመ፣ ሸክም የተወ ሰው የሚያስፈልገው ኃይል ሰጪ ምግብ ይቀንሳል። ገንቢው ምግብ፣ ማለትም ፕሮቲን፣ ግን አይቀንስም፤ እንዲያውም ይጨምራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰውነት በእርጅና ዘመን ጡንቻውን ቀስ በቀስ ያጣል፤ ከሚበላውም ፕሮቲን ጡንቻ የመሥራት ችሎታው ይደክማል። አንድ ሳምንት በሕመም የተኛ ወጣት በሁለት ሳምንት ወደ ቀድሞ ጉልበቱ ሲመለስ፣ የሰባ ዓመት አዛውንት ያጡትን ጉልበት ለመመለስ ወራት ይፈጅባቸዋል፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይመለስም። ከመቀመጫ ለመነሣት እጅ መደገፍ፣ ደረጃ ላይ መንገዳገድ፣ በመጨረሻም መውደቅና የዳሌ አጥንት መሰበር ከዚሁ ይከተላሉ።

ለጤናማ አዋቂ በቀን በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 0.8 ግራም ያህል ፕሮቲን ይበቃል ሲባል፣ የዘርፉ ባለሙያዎች ለአረጋውያን ከ1 እስከ 1.2 ግራም ይመክራሉ። ሃምሳ ኪሎ ለሚመዝኑ እናት ይህ ከ50 እስከ 60 ግራም ይሆናል። (የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን መጠኑን የሚወስነው ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ነው።) ቁጥሩ በወረቀት ላይ እንዳይቀር በጓዳው ማስላት ይቻላል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ሩብ ሊትር ወተት 8 ግራም ያህል ይይዛል። መቶ ግራም ደረቅ ምስር፣ አተር፣ ባቄላ ወይም ሽምብራ ከ20 ግራም አያንስም። ከአንድ መቶ ግራም የጤፍ ዱቄት የሚወጣ እንጀራ 10 ግራም ያህል ይሰጣል።

አሁን የእኚያ አያት ቀን ይቆጠር። አንድ እንጀራ 10 ግራም ነው። በቀጭኑ ሽሮ ውስጥ የገባው ዱቄት ሃያ ግራም ቢሆን ከእርሱ የሚገኘው 4 ግራም ነው። ለእራት የቀረበችው ዳቦ 6 ግራም ብትጨምር ድምሩ 20 ላይ ይቆማል፤ ሻዩ ስኳር እንጂ ሌላ የሚጨምረው የለም። የሚያስፈልገው ግማሽ እንኳ አልሞላም። በዚያው ቤት በዚያው ሳምንት ከተሸጠው ላይ በቀን አንድ እንቁላልና ሩብ ሊትር ወተት ቢቀርላቸው፣ ሽሮው ወፍሮ በቀን መቶ ግራም ያህል ጥራጥሬ ቢደርሳቸው፣ እንጀራውም አንድ ተኩል ቢሆን ድምሩ 49 ይደርሳል። ለሰውዬው መቆም ወይም መውደቅ ምክንያት የሚሆነው ልዩነት ይህ ነው። በሳምንት ሰባት እንቁላልና ሁለት ሊትር የማይሞላ ወተት ማለት ነው፤ ለአንድ ሰው ሕክምና ወደ ከተማ ለመመላለስ ከሚወጣው ገንዘብ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም።

እህልና ጥራጥሬ አንድ ላይ ሲበሉ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል፤ እንጀራ በሽሮ፣ እንጀራ በክክ የሚለው የቆየ ልማድ በዚህ ረገድ የሚነቀፍ አይደለም። የሚነቀፈው ቅጥነቱ ነው። ሽሮ በውኃ ሲበዛ ቀለም እንጂ ምግብ አይሆንም። ጥራጥሬ ሆድ ይነፋል ብለው የሚሸሹ አረጋውያን ብዙ ናቸው፤ ለእነርሱ ጥራጥሬውን አሳድሮ መዘፍዘፍ፣ የተዘፈዘፈበትን ውኃ መድፋትና ደኅና አድርጎ ማብሰል ይረዳል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ሽምብራና አተር ተሽጦ በምትካቸው ርካሽ ነው ተብሎ የጓያ ሽሮ እየተበላ መክረም የለበትም። ጓያ በብዛትና ለረዥም ጊዜ ሲበላ እግር ያሽመደምዳል፤ የተሽመደመደ እግር ደግሞ መድኃኒት የለውም።

ሁለተኛው ችግር ጥርስ ነው። ጥርስ ሲያልቅ ሰው የሚተወው ደግ ደጉን ነው፤ ሥጋውን፣ ቆሎውን፣ ጎመኑን ትቶ ሻይ ውስጥ የሚነከር ዳቦ ላይ ይቀራል። መፍትሔው ግን ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። በአገሩ ባህል ለአራስና ለሕመምተኛ የሚዘጋጀው ሁሉ ለአረጋውያንም ይሆናል። ገንፎ በውኃ ብቻ ከመሠራት ወተት ቢገባበት፣ አጥሚት ስኳር ከሚበዛበት በወተት ቢሠራ ይሻላል። ሥጋ በተገኘ ጊዜ ምንቸት አብሽ ተደርጎ ቢቀርብ ድድም ያኝከዋል። አይብ፣ እርጎ፣ የእንቁላል ፍርፍር፣ በደንብ የበሰለ ክክ፣ በእርሱ ላይ የተፈተፈተ እንጀራ፣ ሁሉም ለስላሳ ናቸው። ጎመን በጣም ደቅቆ ከተከተፈ ይበላል፤ ዱባና ካሮትም እንዲሁ። እንሰት በሚበላበት አካባቢ ለአረጋውያን የሚመረጠው ቡላ ነው፤ ለስላሳነቱ ጥሩ ሆኖ ፕሮቲኑ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ያለ ወተት ወይም ያለ አይብ ብቻውን ገበታ አይሞላም።

ንፍሮ የተለየ ቃል ይገባዋል። ስንዴ፣ ሽምብራና ባቄላ አብሮ የተቀቀለበት ንፍሮ ቢበስል ቢበስል የማያልቅ ጥቅም ያለው ምግብ ነው፤ ነገር ግን የለቅሶ ቤት ምግብ ሆኖ ስለሚታይ በደኅና ቀን ድስት የሚጣድለት ቤት እየቀነሰ መጥቷል። ቆሎ የማይችሉ አያት ለቡና ቁርስ ለስልሶ የበሰለ ንፍሮ ቢቀርብላቸው፣ ካስፈለገም በማንኪያ ቢደፈጠጥላቸው፣ ቡናው በባዶ ሆድ አይጠጣም። ፈሳሽ ሲጠጡ ወይም ሲውጡ ደጋግሞ ትን የሚላቸው ከሆነ ግን ነገሩ የጥርስ ስላልሆነ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለባቸው።

ሦስተኛው ችግር ከሁሉም የሚከፋውና ማንም የማያየው ነው፤ እርሱም የጋራው ገበታ ነው። በአንድ ትሪ አብሮ መብላት ትልቅ ባህል ነው፤ ይሁን እንጂ በአንድ ትሪ ዙሪያ አምስት ልጆችና አንዲት ጥርስ የሌላቸው አያት ሲቀመጡ ውድድሩ እኩል አይደለም። እርሳቸው ሦስተኛውን ጉርሻ ሳይጨርሱ ወጡ ያልቃል። አያት ደግሞ አይናገሩም። «በቃኝ፤ ለልጁ ስጡት» ብለው እጃቸውን ይታጠባሉ። ይህ «በቃኝ» በብዙ ቤት በየቀኑ ይሰማል፤ የጥጋብ ቃል ግን አይደለም። በደግነት፣ በይሉኝታና ለሥራ አልጠቅምም ከሚል ስሜት የሚወጣ ቃል ነው። እንግዳ «በቃኝ» ቢል ባለቤቲቱ «በሞቴ!» ብላ ታጎርሰዋለች፤ ዝም ብላ አትለቀውም። የገዛ እናት «በቃኝ» ስትል ግን ትሪው ይነሣል። ጉርሻ ለእንግዳ ብቻ መሆኑ አሳዛኝ ነው።

ለዚህ የሚበጀው ለአረጋውያን ድርሻቸውን ቀድሞ በሣሕን ለይቶ ማቅረብ ነው። ማግለል እንዳይመስል እዚያው ገበታው ላይ፣ እዚያው ልጆቹ መካከል ይሁን፤ ሣሕኑ ግን የእርሳቸው ይሁን። በአንድ ጊዜ ብዙ መብላት ለማይችሉ ደግሞ ሦስቱን ገበታ ወደ አምስት ትንንሽ መቁረስ ይቻላል፤ ጠዋት አጥሚት፣ ረፋድ ላይ እንቁላል፣ ምሳ፣ ማታ ከእራት በፊት እርጎ።

ብቻቸውን የሚኖሩ ደግሞ አሉ። ልጆች ወደ ከተማና ወደ ዓረብ አገር ሄደው፣ የትዳር ጓደኛ ሞቶ፣ በአንድ ጎጆ የቀሩ እናቶች ብዙ ናቸው። ለአንድ ሰው ብሎ ድስት መጣድ ስለሚታክት በትናንቱ እንጀራና በቡና ይውላሉ። ከልጅ የተላከ ገንዘብ ቢኖር እንኳ ብቻውን የሚበላ ሰው ምግቡ አይጥመውም። ዕድሩም ሆነ የሰንበቴ ማኅበሩ እንዲህ ያሉትን በስም ያውቃቸዋል፤ ጎረቤት በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን አብሮ ማብላት ቢጀምር ከማንኛውም መድኃኒት ይልቅ ይረዳቸዋል።

ስለ ጾም ሳይነሣ የአመጋገብ ንግግር በዚህ አገር አይሞላም። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን በዓመት ከሚጾሙት 180 ያህል ቀን አረጋውያን አንዱንም ማስታጎል አይፈልጉም፤ ፍላጎታቸውም መከበር አለበት። በጾም ወራት ወተትና እንቁላል ስለሚቀር ጥራጥሬው በእጥፍ መጨመር፣ ተልባ፣ ሱፍ፣ ሰሊጥና ኑግም ከገበታው አለመጥፋት አለባቸው። ቫይታሚን ቢ12 የሚባለው ግን ከእንስሳት ተዋጽኦ እንጂ ከእህል አይገኝም፤ በእርጅና ሰውነት ከምግብ የመውሰድ ችሎታው ስለሚደክም በፍስክ ወራት እንቁላልና ወተት ማስቀረት ጉዳቱን ያብሰዋል። ፍስክ ሲመጣ አያትን በጾም ምግብ ላይ መተው የጾም ሳይሆን የቸልተኝነት ውጤት ነው። የታመመ ሰው ጉዳይ ከንስሐ አባት ጋር የሚመከርበት ነው፤ በተለይ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ ከመዋሉ በፊት ለጤና ባለሙያውም ለንስሐ አባቱም መንገር አለበት። በእስልምናም ረመዳንን መጾም የማይችሉ አዛውንት ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ድሃ እንዲያበሉ ሃይማኖታቸው ፈቅዶላቸዋል።

ውኃ ጥማት በእርጅና ይጠፋል። ሰውነት ውኃ እያነሰው ሰው ግን አይጠማውም፤ ስለዚህ ጥማትን ጠብቆ መጠጣት አይበቃም። ከዚህ ጋር የሚያያዝ፣ ብዙ ጊዜ በይሉኝታ የማይነገር ነገር አለ። ሽንት ቤቱ ከቤት ርቆ በጨለማ ስለሚገኝ ብዙ እናቶች ማታ እንዳይነሡ ብለው ቀኑን ሙሉ ውኃ ይቀንሳሉ። የሆድ ድርቀት፣ ማዞር፣ አንዳንዴም የአእምሮ መደናገር ይመጣል፤ ቤተሰቡ ግን «አረጁ» ይላል። ውኃው ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ቢጠጣ፣ አጠገባቸው አንድ ጣሳ ቢቀመጥ፣ ለሌሊትም ፖፖ ቢዘጋጅ ነገሩ ይቃለላል። ጠላና አረቄ እንደ ውኃ አይቆጠሩም።

ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ሰውነት ከእህል የሚያገኘውን ብረት ይቀንሱበታል፤ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ መጠጣት ይሻላል። ጨው አዮዲን ያለው ይሁን፤ በ2003 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብም ይህንኑ ያዝዛል፤ ደም ግፊት ላለበት ሰው ግን አዮዲን ያለውም ቢሆን ይቀነስ። የጠዋት ፀሐይ ለአጥንት ይጠቅማል።

ምግብ ብቻውን ጡንቻ አይሠራም፤ እንቅስቃሴም ያሻል። አዛውንትን ከማክበር ብዛት ከሥራ ሁሉ ማራቅ ልማድ ሆኗል። ምስር መልቀም፣ ዶሮ መመገብ፣ ጥጃ ማገድ፣ ጎመን መኮትኮት የሚችሉ ሰው ከተቀመጡበት እንዳይነሡ መደረጋቸው ክብር አይደለም። ዶሮዋን የሚመግቡት አያት ከዶሮዋ እንቁላል ድርሻ ቢኖራቸው ደግሞ ነገሩ ሁሉ ይገጥማል።

ማኅበራቱ በዚህ ጉዳይ ምን ድርሻ አላቸው? መሬቱን ለልጁ ያስተላለፈ አባል ለማኅበሩ የሚያቀርበው ምርት ስለሚቀንስ በአቅርቦቱ ልክ የሚከፈለው የትርፍ ድርሻም ይቀንሳል፤ ዕጣው እንጂ ተሳትፎው አይታይም። ጠቅላላ ጉባኤው ለማኅበራዊ አገልግሎት ገንዘብ ሲመድብ ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ውኃ ጉድጓድ ይነሣል፤ በአጀንዳው ላይ የአረጋውያን አባላት ምግብ ቢጨመር ከደንብ የሚወጣ ነገር የለም። ወፍጮ ያላቸው ማኅበራት የተቆላ ሽምብራ፣ ገብስና ስንዴ ተቀላቅሎ የተፈጨ የአጥሚት ዱቄት ለአባላት በወጪው ልክ ሊያቀርቡ ይችላሉ።

ከሁሉም የሚቀለው ግን በየመጋዘኑ ያለው ሚዛን ነው። ኩንታል የሚመዝነው ሚዛን ሰው ለመመዘን አያቅተውም። ዕድሜው ከስልሳ በላይ የሆነ አባልና የአባል ቤተሰብ በየሦስት ወሩ ጋቢውን አውልቆ፣ ጫማውን አውጥቶ፣ ምርኩዙን አስቀምጦ (ከጎኑ የሚደግፈው ሰው ቆሞ) ቢመዘንና ኪሎው በደብተር ቢጻፍ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም በዚያ ቀን ብትገኝ፣ ማንም «ዕድሜ ነው» ብሎ ማለፍ አይችልም። ሳያስበው በሦስት ወር ከ3 ኪሎ በላይ የቀነሰ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ መላክ አለበት፤ ምክንያቱ የምግብ ማነስ ሊሆን ይችላል፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ ስኳር፣ የጥርስ ሕመም ወይም ኀዘንም ሊሆን ይችላል። ሚዛን የሌለበት ቤት የቀበቶው ቀዳዳ ወደ ውስጥ መግባቱን፣ ቀለበት ከጣት መውለቁን ይመልከት።

የመመዘኛው ወራት ጥቅምት፣ ጥር፣ ሚያዝያና ሐምሌ ቢሆኑ ይመቻል። ከአራቱ አንዱ ይታጎል ቢባል የሐምሌው መታጎል የለበትም። በሐምሌ ጎተራው ይጎድላል፣ መንገዱ ይጨቀያል፣ ጉልበት ያለው ሁሉ ማሳ ላይ ይውላል፤ ቤት የሚቀሩት አያት ናቸው። መጋዘኑም በዚያ ወር ባዶ ስለሚሆን ሚዛኑ ሥራ ፈትቶ ነው የሚቆመው።